የቴሌግራም አካውንትዎና ገመናዎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜናው፣ የእቁቡ ዕጣ፣ የእድሩ ጥሪ፣ መዝሙሩ፣ የሚሸጠው ቤትና መኪና፣ ውጭ ካለ ዘመድ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አንድ አካውንት ሲሰረቅ አብሮት የሚሄደው ብዙ ነው። ከታች የሴቲንግ ስሞችን የጻፍነው በእንግሊዝኛው ገጽ እንደሚነበቡት ነው። የአማርኛ ቋንቋ ያስገባ ሰው ስሙ ቢለይበትም ቦታው ያው ነው።

«ሀክ ተደረግሁ» ሲባል በትክክል ምን ሆነ ማለት ነው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የተሰበረ ነገር የለም። ቴሌግራም አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት የሚጠይቀው ስልክ ቁጥርና ባለ 5 አሃዝ ኮድ ነው። ቁጥርዎን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሌባውን የሚቸግረው ኮዱ ብቻ ነው። እሱንም ከባለቤቱ ይቀበላል።

ቴሌግራምዎ በሆነ መሣሪያ ላይ ክፍት ከሆነ ኮዱ መጀመሪያ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ሳይሆን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ፣ «ቴሌግራም» በሚል ስም ሰማያዊ ምልክት ካለው ቻት ነው። ሳይጠይቁ ኮድ ከመጣ አንድ ሰው በቁጥርዎ ለመግባት እየሞከረ ነው። ለማንም እስካልሰጡት ድረስ ኮዱ ብቻውን የሚያመጣው ጉዳት የለም።

ታዲያ ሰው ኮዱን እንዴት አሳልፎ ይሰጣል?

በሚያምነው ሰው ስም ስለሚጠየቅ ነው። ቀድሞ አካውንቱ የተሰረቀ ጓደኛ፣ የአክስት ልጅ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ባልደረባ ይጽፍልዎታል። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል። ወይም የቴሌግራም ፕሪሚየም ስጦታ፣ የቴሌብር ሽልማት፣ ነፃ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይባላል። ሊንኩ ሲከፈት ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። ቁጥሩን ሲያስገቡ ሌባው (ወይም ሌባው ያዘጋጀው ፕሮግራም) ያንኑ ቁጥር እውነተኛው ቴሌግራም ላይ ይጽፈዋል፤ እውነተኛ ኮድ ከእውነተኛው ቴሌግራም ይደርስዎታል፤ እርስዎም ገጹ ላይ ይሞሉታል። አለቀ። የተላከው ኮድ ሐሰተኛ ስላልሆነ ነው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው።

ሌላው መንገድ ቀጥታ ነው፦ «በስህተት ኮድ ወደ አንተ ተልኳል፣ አንብብልኝ»። ቁጥሩን እንዲጽፉለት ወይም በድምፅ እንዲነግሩት የሚፈልገው በምክንያት ነው፤ የኮዱን መልእክት ፎርዋርድ ቢያደርጉት ቴሌግራም ራሱ ኮዱን ይሽረዋል።

ሦስተኛው ኪውአር ኮድ ነው። «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው «ሊንክ ዴስክቶፕ ዲቫይስ» ብለው የሚያነሱት ማንኛውም ኪውአር፣ ያንን ያሳየዎትን ኮምፒውተር ወደ አካውንትዎ ያስገባዋል። ኮድም አይጠይቅም።

«ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» እንዴት ይበራል?

ቱ ስቴፕ ማለት አዲስ መሣሪያ ሲገባ ከኮዱ ሌላ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ፓስወርድ እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻሉ ይህን ያድርጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ይግቡ። ፓስወርድ ይስጡት። የተወለዱበት ዓመት፣ የስልክ ቁጥርዎ መጨረሻ ወይም የልጅዎ ስም አይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ነው። ቀጥሎ ፍንጭ (ሂንት) ይጠይቃል። ፍንጩን ለመግባት የሚሞክር ሰው ሁሉ ስለሚያየው ባዶ መተው ይሻላል፤ ፓስወርዱን ራሱን ፍንጭ ላይ የሚጽፉ ሰዎች አሉ።

በመጨረሻ ኢሜይል ይጠይቃል፤ አይዝለሉት። ብዙ ሰው «ስኪፕ» ብሎ ያልፈውና ፓስወርዱ የጠፋበት ቀን ይጸጸታል። የሚሰጡት ኢሜይል ዛሬም የሚከፍቱት መሆን አለበት። በስንት ሰው እጅ እንደሆነ በማይታወቅ፣ ስልክ ሲገዙ የሱቁ ልጅ የከፈተልዎ ጂሜይል አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሆኖ በሐሰተኛው ገጽ ላይ ኮዱንም ፓስወርዱንም ከሞሉት ጥበቃው ዋጋ የለውም። ፓስወርዱ የሚጻፈው ራሱ አፑ ውስጥ ብቻ ነው።

ፓስወርዱን ብረሳውስ?

ኢሜይል ካስመዘገቡ መክፈቻ ኮድ ይላክልዎታል። ካላስመዘገቡና ቴሌግራም በስልክዎ ላይ ክፍት ከሆነ ከሴቲንጉ ፓስወርዱ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፤ 7 ቀን ይጠብቃሉ። ኢሜይልም የለ፣ ክፍት መሣሪያም የለ ከሆነ ያለው ምርጫ አካውንቱን «ሪሴት» ማድረግ ነው፤ ይህም ቻቱን፣ ግሩፑን፣ ሁሉን አጥፍቶ በዚያው ቁጥር ከዜሮ ያስጀምራል።

አሁን ተሰርቄያለሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ስልክዎ ላይ ቴሌግራም አሁንም ይከፈታል? ከተከፈተ ዕድለኛ ነዎት፤ ጊዜ ግን አያባክኑ። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቀድሞ የነበረውን መሣሪያ ማስወጣት አይችልም፤ ስልክ ቁጥሩንም መቀየር አይችልም። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ የበላይነቱ የእርስዎ ነው።

«ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ» ይግቡና «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ይጫኑ። ሌባው ወዲያው ይወጣል። ከዚያ ቱ ስቴፕ ያብሩ። ሌባው ቀድሞ የራሱን ፓስወርድ አስገብቶ ከሆነ አይደንግጡ፤ እሱ ከወጣ በኋላ እርስዎ ከውስጥ ሆነው ፓስወርዱ እንዲነሣ ጠይቀው 7 ቀን ይጠብቃሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ደንግጠው አፑን ያጠፉና እንደገና ይጭናሉ፣ ወይም «ሎግ አውት» ይላሉ። ያኔ የቀድሞው መሣሪያ የሌባው ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ አዲስ ገቢ። አፑን አይንኩት።

ቀጥሎ ለሰው ማሳወቅ ነው፤ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ጥሪ፣ በኤስኤምኤስ ወይም በሌላ መንገድ። ሌባው የመጀመሪያ ሥራው «አሁን ባንክ ተዘግቶብኝ ነው፣ ይህን ያህል ብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ለቅርብ ሰዎችዎ መጻፍ ነው። ከቻት ታሪክዎ አነጋገርዎን አንብቦ «እታለም»፣ «ጋሼ» እያለ እንደ እርስዎ ይጽፋል።

ሌባው ከስልኬ አስወጥቶኛል። ተስፋ አለ?

ሲሙ በእጅዎ ካለ አለ። በቁጥርዎ እንደገና ይግቡ። ኮዱ መጀመሪያ የሚሄደው ክፍት ወደሆነው ወደ ሌባው መሣሪያ ነው፤ ትንሽ ጠብቀው በኤስኤምኤስ እንዲላክ ይጠይቁ። ሌባው ፓስወርድ ካላስገባ ይገባሉ፤ ወዲያው ቱ ስቴፕ ያብሩ፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ሌባውን ከ«ዲቫይስስ» ያስወጡ። ፓስወርድ አስገብቶ ከሆነ ግን የቀረው ከላይ የተባለው ሪሴት ነው። ከባድ ነው፣ ግን ቢያንስ በስምዎ ብር መለመኑ ይቆማል።

ብር የላከ ሰው ካለስ?

በደቂቃዎች ውስጥ ለላኪው ባንክ መደወል ነው። ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951። ብሩ ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ሊታገድ ይችላል፤ ከወጣ ጉዳዩ የፖሊስ ነው። ለፖሊስ የሚጠቅሙት የዝውውሩ መለያ ቁጥር፣ የተቀባዩ ሒሳብ ቁጥርና ስም፣ የቻቱ ስክሪንሾት ናቸው። ተናድደው ቻቱን አይሰርዙ። ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ቴሌግራሜ አሁንም በአገር ቤት ቁጥሬ ነው። ችግር አለው?

አለው፤ ከተጠየቁት ሁሉ ችላ የሚባለው ይሄኛው ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሞላና ያልተጠቀሙበት ሲም ይዘጋል፤ ቁጥሩም ቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ምንም ክፋት ሳያስብ ቴሌግራም ሲከፍት የእርስዎ አካውንት ይመጣበታል። ቱ ስቴፕ ከሌለዎት ቻትዎን ሁሉ ያየዋል። ካለዎትም ፓስወርዱን ስለማያውቅ ሪሴት ይጠይቃል፤ 7 ቀን ጠብቆ የእርስዎን አካውንት አጥፍቶ የራሱን ይከፍታል። እሱ ጥፋት የለበትም፤ ቁጥሩ የእሱ ነው።

በሳዑዲና በኤምሬትስ ሲም የሚመዘገበው በመኖሪያ ፈቃድ ስለሆነ ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፦ ጨርሳ ወደ አገር ቤት የተመለሰች ሴት የዐረብ አገር ቁጥሯ ይቋረጥና የዓመታት ቻቷ በማታገኘው ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚገርመው ብዙ ሰው የማይቻል ይመስለዋል። «ሴቲንግስ» ውስጥ ስልክ ቁጥርዎን ይንኩ፣ «ቼንጅ ነምበር» ይበሉ፣ አዲሱን ቁጥር ይጻፉ። ኮዱ የሚመጣው ወደ አዲሱ ቁጥር ነው፤ የድሮው ሲም አያስፈልግም። ቻቱ፣ ግሩፑ፣ ቻናሉ ሁሉ እንዳለ ይሻገራል። የማይሳካው በሁለት ምክንያት ነው፦ በመሣሪያው ላይ ከገቡ 24 ሰዓት ካልሞላ፣ ወይም በአዲሱ ቁጥር ሌላ አካውንት ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ። ሁለተኛው ከሆነ መጀመሪያ ያንን አካውንት ማጥፋት አለብዎት።

ግሩፕ ውስጥ ስልክ ቁጥሬ ለሁሉም ይታያል?

«ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» ካላደረጉት ሊታይ ይችላል። እሱን ሲመርጡ ከሥር ሁለተኛ ጥያቄ ይከፈታል፦ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ? እሱን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት። አለዚያ ቁጥሮችን በተርታ ስልኩ ላይ የሚመዘግብ ሰው የትኛው ቁጥር የየትኛው ፎቶና ስም እንደሆነ ሊለቅም ይችላል። በአገራችን ግሩፖች ውስጥ ሴቶችን የማያውቁት ሰው በሌሊት የሚደውልባቸው በዚህ ቀዳዳም ሊሆን ይችላል።

እዚያው ገጽ ላይ «ኮልስ» ውስጥ ገብተው «ፒር ቱ ፒር» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት፤ ካልሆነ ሲደዋወሉ የአይፒ አድራሻዎ (ኢንተርኔት ላይ ግንኙነትዎ የሚታወቅበት ቁጥር) ለደወለልዎ ሰው ሊታወቅ ይችላል። የድምፅ ጥራቱ ትንሽ ሊወርድ ይችላል።

የማላውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እየጨመረኝ ተቸገርሁ።

«ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት።

ቴሌግራም የምጽፈውን ማንበብ ይችላል?

ተራው ቻት፣ ግሩፕና ቻናል በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ይጓዛል፤ ቁልፉ ግን ኩባንያውም ጋ አለ። አዲስ ስልክ ላይ ሲገቡ የድሮ ቻትዎ ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከተነጋጋሪዎቹ በቀር ኩባንያውም እንዳያነበው ሆኖ) የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉት የድምፅና የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ።

ሲክሬት ቻት ራሱ አይበራም። የሰውየው ፕሮፋይል ላይ ሦስቱን ነጥብ ነክተው «ስታርት ሲክሬት ቻት» ይላሉ። የተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ ይኖራል፤ ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለግሩፕ አይሠራም። «ቴሌግራም ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ነው» የሚለው በየቦታው የሚነገር አባባል ስህተት ነው፤ በዚህ ረገድ ዋትስአፕና ሲግናል ይበልጡታል፣ ሳይጠየቁ ይመሰጥራሉና።

ለንስሐ አባታቸው ገመናቸውን በተራ ቻት የሚጽፉ ምእመናን እየበዙ ነው። ርቀት ያስገደደው ከሆነ ሲክሬት ቻት ከፍተው መልእክቱ ራሱን የሚያጠፋበትን ሰዓት ይሙሉለት፤ በጥሪ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም፤ የካህኑን ስልክ ቤት ውስጥ ማን ያነሣዋል?

ኩባንያው ለመንግሥታት መረጃ ይሰጣል?

የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ አቅራቢያ በፈረንሳይ ፖሊስ ተይዞ ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኩባንያው ደንቡን ለወጠ፦ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንቡን የጣሰ ተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ ሊሰጥ እንደሚችል አሳወቀ። የቻት ይዘት በዚህ ውስጥ አልተጠቀሰም። ነገር ግን በእኛ ሁኔታ አስቀድሞ የሚመጣው ሌላ ነው፤ ስልኩ ራሱ ተከፍቶ ሲታይ የትኛውም ምስጠራ አያድንም። «ፓስኮድ ሎክ» አብርተው አፑን በራሱ ቁጥር ይቆልፉ፤ የማያስፈልጉ ቻቶችን «ኦቶ ዲሊት» በሳምንት ወይም በወር እንዲያጸዳቸው ያድርጉ።

ቴሌግራም ሲዘጋ ፕሮክሲ ይሻላል ወይስ ቪፒኤን?

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው የጳጳሳት ሹመት ውዝግብ በጋመበት ሰሞን፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ታግደው ነበር። ያኔ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫነ። ነፃ ቪፒኤን ማለት ግን የስልክዎን ትራፊክ በሙሉ በማያውቁት ሰው ሰርቨር ማሳለፍ ነው።

ለቴሌግራም ብቻ ከሆነ አፑ ውስጥ ያለው ፕሮክሲ (የቴሌግራምን ትራፊክ ብቻ በሌላ ሰርቨር የሚያሳልፍ) ይበቃል፤ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ «ፕሮክሲ» ይገኛል። የፕሮክሲው ባለቤት ቴሌግራም እንደሚጠቀሙና አይፒዎን ያያል፤ የጻፉትን አያነብም። ከቻት ዝርዝርዎ አናት ላይ ያልተቀላቀሉት ቻናል ድንገት ከተቀመጠ የፕሮክሲው ባለቤት ማስታወቂያ ነው፤ አካውንትዎ አልተሰረቀም። ኢንተርኔቱ ራሱ ከተቋረጠ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያን ተከትሎ እንደሆነው፣ ሁለቱም አይሠሩም።

ፋይል ሲላክልኝ የትኛው ነው አደገኛው?

መጨረሻው ኤፒኬ (apk፣ የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) የሆነ ማንኛውም ፋይል። «የባንኩ አዲስ አፕ»፣ «የተሻሻለ ቴሌግራም»፣ «የሠርጉ ፎቶዎች» ተብሎ ይመጣል። ፎቶ ኤፒኬ አይሆንም። ጭነው «አክሰሲቢሊቲ» የተባለውን ፈቃድ ከሰጡት የሚጽፉትን ሁሉ ሊያይ ይችላል። ዘዴው አዲስ አይደለም፦ ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ውጭ አገር ያሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች የሶፍትዌር ማሻሻያ መስሎ በኢሜይል በተላከ ሊንክ መሰለያ እንደተላከባቸው አሳይቷል። ያኔም ሰለባው ራሱ እንዲጭነው ነበር የተፈለገው።

የእቁብ (የማኅበር፣ የእድር) ግሩፕ አድሚን ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

አድሚን አያብዙ። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ሥልጣን ብቻ ይስጡ፤ «አድ ኒው አድሚንስ» የሚለውን ከባለቤቱ በቀር ለሁሉም ያጥፉት። አንድ አድሚን ሲሰረቅ ሌባው ሌሎቹን አባሮ የራሱን ሰው የሚሾመው በዚህ ነው። ባለቤትነትን ማስተላለፍ ግን ቀላል አይደለም፦ ቱ ስቴፕ ከበራ 7 ቀን፣ በመሣሪያው ላይ ከተገባ 24 ሰዓት መሙላት አለበት። ስለዚህ ቱ ስቴፕ ያልነበረው ባለቤት ሲሰረቅ ሌባው ቢያንስ አንድ ሳምንት መጠበቅ አለበት፤ እርስዎ አካውንቱን ማስመለስ ያለብዎት በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው።

የመግቢያው ሊንክ ከእጅ እጅ ዞሮ ከሆነ «ሪቮክ» አድርገው አዲስ ያውጡ፣ «ሪኩዌስት አድሚን አፕሩቫል» ያብሩ። ለአዲስ አባል የድሮው ጽሑፍ እንዳይታይ «ቻት ሂስትሪ» የሚለውን «ሂደን» ያድርጉት። አባላቱ ከ100 በላይ ከሆኑ «ሀይድ ሜምበርስ» ብለው ዝርዝሩን መሰወር ይቻላል። «ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንተንት» ፎርዋርድን ይከለክላል፤ በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሣን ሰው ግን አይከለክልም።

የአባላትን መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የመዋጮ ልክ በአንድ ሰንጠረዥ አድርጎ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ይቅር። ለዘራፊ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው።

መረጃዬን ያለ ፈቃዴ ለጠፉብኝ። ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶችን ግዴታ ዘርዝሯል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የሰበሰበውን መረጃዎን ቴሌግራም ላይ ካወጣው አቤቱታው ወደዚያ ነው። በግለሰብ ጠብ የተለጠፈ ፎቶ ከሆነ በመጀመሪያ እዚያው አፑ ላይ «ሪፖርት» ያድርጉ፣ ከዚያ ማስረጃውን ይዘው ወደ ፖሊስ።

አካውንቴን ጨርሼ ማጥፋት ብፈልግስ?

በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ያውርዱ፦ በኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «ኤክስፖርት ቴሌግራም ዳታ»። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ገና ከገቡ 24 ሰዓት ያስጠብቅዎታል። የግሩፕና የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ያስተላልፉ፤ አለዚያ ያለ ባለቤት ይቀራሉ። በግል ቻት የጻፉትን ከሌላውም ወገን እንዲጠፋ ከፈለጉ አሁኑኑ «ለሁለታችንም» በሚለው ይሰርዙ፤ አካውንቱ ከጠፋ በኋላ አይቻልም፣ በግሩፕም የጻፉት «ዲሊትድ አካውንት» በሚል ስም ይቀመጣል። ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» መጨረሻ ላይ «ኢፍ አዌይ ፎር» የሚለውን ነክተው አጥፋ የሚለውን ይመርጣሉ፤ ወይም አጭሩን የጊዜ ገደብ ሞልተው ሳይገቡ ይቆያሉ፣ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይጠፋል።